የጾም ወጥ ቀላል ነው ያለው ማን ነው?

እኔ ዘይት ሻጭ ነኝ። ዲላ ገበያው አጠገብ ከአባቴ በወረስኳት ሱቅ ውስጥ ሳሙና፣ ጨው፣ ስኳርና ዘይት ስቸረችር ነው የጎለመስኩት። «የትኛው ዘይት ይሻላል?» ብሎ ለጠየቀኝ ሁሉ ዓይኔን ሳላሽ «ይሄ ይሻላል» እል ነበር፤ «ይሄ» ማለት ብዙውን ጊዜ መደርደሪያው ላይ የበዛው ማለት ነው። ኋላ ጎኔን ይዤ መንፈራገጥ ስጀምር ያው ጥያቄ ዞሮ ወደ ራሴ መጣ። መልስ የሚሰጠኝ ሰው አላጣሁም። ከተማው በሙሉ መለሰልኝ። ያናደደኝም እሱ ነው።

ንዴቱ ዛሬም አልወጣልኝም። ሰው በጠየቀኝ ቁጥር ከመጀመሪያው እየጀመርኩ ከማወራው አንዴ ልጻፈውና ይውጣልኝ ብዬ ነው። አንባቢዬ፣ ምግብ ከበላህ በኋላ በቀኝ በኩል ከጎድንህ ሥር የሚይዝህ ነገር ካለና «ጨጓራዬ ነው» እያልክ ከተቀመጥክ፣ የያዝከውን ትተህ ይህችን አንብብ።

ወላጆቼ የሸኖ ሰዎች ናቸው። ሸኖ ማለት ለአዲስ አበባ ሰው ለጋ ቅቤ ማለት ነው፤ ለእናቴ ደግሞ ቅቤ ማለት ጤና ማለት ነው። አባቴ በወጣትነቱ ለንግድ ዲላ ወርዶ እዚያው ቀረ። እሱ ሲሞት እናቴ «የአገሬ ብርድ ይሻለኛል» ብላ ወደ ሸኖ ተመለሰች፤ እኔ ከሱቁ ጋር ቀረሁ። ባለቤቴን አስቴርን ያገኘኋትም በዚችው ሱቅ ነው። የዱመርሶ ልጅ ናት፣ ጌዴኦ፣ አባቷ የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ የሆኑ የወንጌል አማኞች ልጅ። እናቴ ሠርጉ ላይ መርቃ ሄደች፤ አንድ ነገር ግን አልዋጥ አላት። «ጴንጤ የጾም ወጥ ምን ታውቃለች? ልጄን በጾም ታመነምንብኛለች» ትል ነበር።

ይህ ወሬ አስቴር ጆሮ ደርሷል። እሷ ባትጾምም ለእኔ የጾም ድስት ለይታ ታበስልልኛለች፤ ሁዳዴ ሲገባ ደግሞ «ባሏ ከሳ» እንዳይባልባት የዘይቱን ጠርሙስ ሳትሰስት ነው የምትገለብጠው። እሷ ብቻም አይደለችም። በእኛ ሰፈር ዘይቱ ላዩ ላይ ያልተንሳፈፈ ወጥ ለእንግዳ አይቀርብም፤ የቤቷን እመቤት ስስታም ያሰኛል። በሱቅ በኩል የማውቀውን ልናገር፦ ዘይት እንደ ጾም የሚሸጥበት ጊዜ የለም። ሥጋውና ቅቤው ሲቀር ሰው ካሣውን ከዘይት ይቀበላል። እንዲያም ሆኖ ሁላችንም በአንድ አፍ «የጾም ምግብ ቀላል ነው» እንላለን።

ሕመሙ የጀመረኝ ሁዳዴ እኩል ሲሆን ነው። እስከ ዘጠኝ ሰዓት ምንም ሳልቀምስ ውዬ ሱቁን ለአፍታ ዘግቼ ቤት ገባሁ። ሽሮ አለ፣ የድንች ጥብስ አለ፣ ምስር የተሞላ ሳምቡሳ አለ። ቀኑን ሙሉ ባዶውን የዋለ ሆድ ምን ያህል እንደሚበላ የጾመ ያውቀዋል። ተመልሼ ሱቄን ከፍቼ ትንሽ እንደቆየሁ ከጎድኔ ሥር አንድ ነገር ጨብጦ ያዘኝ። ጨበጠ፣ አልለቅ አለ። ዞሮ በቀኝ ትከሻዬ አጥንት ሥር ወጣ። ላብ አጠመቀኝ፤ ስኳር የምመዝንላትን ሴትዮ ትቼ ጆንያው ላይ ተደፋሁ። አመሻሹ ላይ ግን ምንም እንዳልነበረ ሁሉ ለቀቀኝ። ያታለለኝ ያ መልቀቁ ነው። ውሎ ያደረ ሕመም ቢሆን ኖሮ ምናልባት ያን ጊዜ በደንብ የሚያየኝ ሰው እፈልግ ነበር።

አንድ የግል ክሊኒክ ሄድኩ። ገና የመጠበቂያው አግዳሚ ወንበር ላይ ስቀመጥ ተራ የሚጠብቁት ሰዎች መርምረው ጨረሱኝ።

«የት ላይ ነው የሚያምህ?»

«እዚህ ጋ።»

«እሱማ ጨጓራ ነው። ቃሪያ ትበላለህ?»

«እበላለሁ።»

«በቃ!» አለችና የጠየቀችኝ ሴትዮ አጠገቧ ያለችውን «አላልኩሽም?» በሚል ዓይን አየቻት።

ውስጥ ስገባ ሐኪሙም ከአግዳሚው ወንበር የተለየ ነገር አልነገረኝም። «ጨጓራ ነው፤ ባክቴሪያም አለበት» ብሎ እፍኝ የሚሞላ ክኒን አዘዘልኝ። «ጾሙን ተወው፣ ሆድህን ባዶ አታድርገው፣ ወተት ጠጣ» አለኝ። ሆዴን በእጁ አልነካም። ምን በልቼ እንዳመመኝም አልጠየቀኝም።

የንስሐ አባቴ ዘንድ ሄጄ ነገርኳቸው። «ልጄ፣ ጾም ለታመመ ሰው አልተጻፈም፤ መድኃኒትህን ውሰድ፣ ስትድን ትጾማለህ» ብለው ፈቀዱልኝ። በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ በሁዳዴ ቅቤና ወተት ቀመስኩ፤ ከነኃፍረቴ ነው የዋጥኩት። አስቴርም ጨጓራዬን እንዲጠግንልኝ እንቁላል በቅቤ ትጠብስልኝ ጀመር። ብዙም ሳይቆይ ሕመሙ ተመለሰ፣ ከፊተኛው ከፍቶ። እናቴ በስልክ «ጾም አፍርሶ ጤና የት ይገኛል!» አለችኝ። ሐኪሙ ክኒኑን በሌላ ክኒን ለወጠው።

ሁለተኛው ክሊኒክ ደም ወስዶ «ታይፎይድና ታይፈስ» አለኝ። ዲላ ውስጥ ታይፎይድ የሌለበት ሰው ቢኖር ያልተመረመረ ሰው ነው። መርፌ ታዘዘልኝ። አፌ መሮ ከአጥሚትና ከደረቅ ዳቦ ሌላ አልቀምስ አልኩ፤ ተሻለኝ። ቅባት ሳልቀምስ ስለሰነበትኩ ነው የተሻለኝ፤ ምስጋናውን ግን መርፌው ወሰደ። «እንኳን ለዚህ አበቃህ» ብሎ ዘመድ አዝማድ ዶሮ ወጥ ይዞ መጣ፤ የአስቴር እናት ከዱመርሶ ቆጮ በቅቤ አድርገው ላኩልኝ። በልቼ ስጨርስ ጎኔ ካቆመበት ቀጠለ። ለክሊኒክ የማወጣው ገንዘብ የሱቁን መደርደሪያ እያራቆተው ነበር፤ የከፋኝ ግን እሱ አይደለም። ራት እየፈራሁ መጣሁ። ማዕድ ሲቀርብ ልጆቼ ከምግቡ በፊት የእኔን ፊት ማየት ለመዱ።

የዘይቱ ነገር የመጣው ከዚህ በኋላ ነው። በዚያ ሰሞን በሸማቾች ማኅበር በኩል በኮታ የሚታደል የፓልም ዘይት ገብቶ ነበር። ዲላ ሞቃት ስለሆነች ጄሪካኑ ውስጥ እንደ ማንኛውም ዘይት ይፈስሳል። ወደ ቡሌ ደጋ ይዘውት የወጡ ሰዎች ግን ጠዋት ሲነሱ ነጭ ሆኖ ረግቶ አገኙት። ወሬው በአንድ የገበያ ቀን ከቡሌ ዲላ ወረደ። ጎረቤቴ ጋሽ ሙሉጌታ፣ ቆርቆሮና ምስማር የሚሸጡት፣ ሱቄ ደጃፍ ቆመው ፈረዱ።

«አንተ ግርማ፣ ቡሌ ላይ የረጋ ዘይት አንተ ሆድ ውስጥ የማይረጋ ይመስልሃል? ጎንህ ላይ የተጋገረው እኮ ሻማ ነው!»

«ጋሼ፣ የእኔ ሆድ ቡሌ ነው እንዴ? የሰው ገላ ሙቅ አይደል?»

«ቀልድ አንተ። ሻማ ሆነህ ስትቀር እናያለን።»

ከኮንጋ የሚመጣ አንድ ደንበኛዬም ጄሪካኑን ወደ ብርሃን አንስቶ አገላብጦ አየው። «ይቺ ዘይት ጥሩ አይደለችም፣ ሆድ ትይዛለች» አለኝ። ይህን ብሎኝ ሲያበቃ፣ ቡና ሸጦ ገንዘብ ይዞ ስለነበር አንድ ጄሪካን ሙሉ ገዝቶ በሞተር ሳይክል ጭኖ ሄደ።

እኛም ዘይት መቀያየር ጀመርን። መጀመሪያ ከውጭ የሚመጣውን የሱፍ ዘይት ያዝን። ጠርሙሱ ላይ ቀይ ልብ ተስሎበታል። «ለጤና ነው» ስለተባለ አስቴር ያለ ስጋት እጥፍ አድርጋ ጨመረችው፣ እኔም ያለ ስጋት እጥፍ አድርጌ በላሁት። ሕመሙም እጥፍ ሆኖ መጣ። ቀጥሎ በቀጥታ ከመጭመቂያ ቤት የወጣ የኑግ ዘይት አመጣሁ፤ የአባቶቻችን ዘይት ነው፣ ምን ያደርጋል ብዬ። አስቴር ድንች ልትጠብስበት አጋለችው። ቤቱ በጭስ ታፈነ፣ ልጆቹ እያሳሉ ወጡ፣ ድንቹ መረረ። «በርዛችሁ ነው የሸጣችሁልኝ» ብዬ መጭመቂያ ቤት ድረስ ሄጄ ተጣላሁ። ዘይቱ ምንም አልሆነም ነበር። ለምን ሥራ እንደሚሆን ያላወቅነው እኛ ነን። የሰሊጡም ተራ ደረሰ፣ እሱንም እንደዚያው አቃጠልነው። የተረፈውን የመጥበሻ ዘይት ደግሞ ጠቁሮ እስኪወፍር መልሰን መላልሰን ጠበስንበት፤ ጥሩ ዘይት እንዴት ይደፋል? አንዱን ዘይት ለወጥም፣ ለጥብስም፣ ለሰላጣም እናውለዋለን፤ ሲያመኝ ሌላውን ገዝተን ፊተኛውን እንረግማለን።

በመጨረሻ ጋሽ ሙሉጌታ የወይራ ዘይት አዘዙልኝ። በእኛ ከተማ ያን ጊዜ የወይራ ዘይት በትንሽ ጠርሙስ ከፋርማሲ የሚገዛ፣ ለፀጉርና ለቆዳ የሚሆን ነገር ነበር። «ጠዋት በባዶ ሆድህ ጨልጠው፤ ጨጓራህን ያለሰልሰዋል» አሉኝ። የፋርማሲ ነው፣ የፈረንጅ ነው፣ በመጽሐፍ ቅዱስም ተጠቅሷል፤ ምን ይጎድለዋል? ጨለጥኩት። ረፋዱን ሙሉ ወለል ላይ ተንከባለልኩ። በዚህ ጊዜ እንደ ወትሮው አልለቀቀኝም። ትኩሳት ተከተለ፣ ሽንቴ እንደ ሻይ ጠቆረ። አስቴር አንድ ቀን ጠዋት መስኮቱ ጋ አቁማኝ ዓይኔን ገልጣ አየችና አፏን በእጇ ያዘች። ዓይኔ ቢጫ ሆኗል።

እናቴ ወሬውን ሰምታ ከሸኖ ደረሰች። ገና በሩ ላይ ሆና «የወፍ በሽታ ነው» አለች። የወፍ በሽታ፣ ያልሰማ ካለ፣ ዓይን ቢጫ የሚያደርገውን ሁሉ የምንጠራበት ስም ነው። ወፍ አመጣው ይባላል፤ የሚያድነው የሥር መድኃኒት ነው ይባላል፤ መርፌ የተወጋ እንደሆነ ይሞታል ይባላል። ይባላል፣ ይባላል፣ ይባላል። በዚህ «ይባላል» የተነሣ ሐኪም ቤት ሳልሄድ ቀረሁ፤ ሐኪም ቤት ከሄድኩ ይወጉኛላ! ሥር ተወቅጦ መጣልኝ፣ ጠጣሁ፣ አስታወከኝ። «በሽታው እየወጣ ነው» ተባለ።

ቤቱ በጠያቂ ሞላ። እናቴ ከሴቶቹ መሃል ተቀምጣ ድምጿን እንኳ ዝቅ ሳታደርግ «ልጄን በዘይት ፈጀችብኝ» አለች። «በቅቤ ያሳደግኩትን ልጅ የዘይት በርሜል አደረገችው።» ሴቶቹ ከንፈራቸውን መጠጡ። አስቴር ለእንግዶቹ ትሪ ይዛ በሩ ላይ ነበረች። ትሪውን አስቀመጠችና ወጣች። እንግዶቹ ሲሄዱ እኔ ወደተኛሁበት ክፍል ገባች።

«ግርማ፣ ከዛሬ ጀምሮ የምትበላውን እማማ ይሥሩልህ። እኔ በዚህ ቤት ድስት አልጥድም።»

«አስቱ፣ የእሷን ነገር ታውቂው የለ? ተናግራ ትረሳዋለች።»

«እሳቸው ይርሱት፤ ሰፈሩ አይረሳውም። አንተ ብትሞት እኔ እዚህ ከተማ ውስጥ ምን ተብዬ እንደምኖር አስበኸው ታውቃለህ? ልጆቼስ?»

ብትሞት ስትል ድምጿ አልተንቀጠቀጠም፤ ብዙ ጊዜ ለብቻዋ ስታስበው እንደኖረች ገባኝ። እኔ ሕመሜን ስፈራ እሷ ከሕመሜ በኋላ የሚመጣውን ስትፈራ ኖራለች።

እናቴ ማዕድ ቤቱን ተረከበች። ይዛው የመጣችውን ለጋ ቅቤ አንጥራ ገንፎ አገነፋችልኝ፤ መሃሉን ጎድጉዳ ቅቤውን እስከ አፉ ሞላችው። «ብላ፣ አንጀትህን ያርስልሃል» አለችኝ። የእናት እጅ እምቢ አይባልም፤ በላሁ። ከዚያ በኋላ ያለውን በቁርጥራጭ ነው የማስታውሰው። ብርድ ብርድ ብሎኝ ጥርሴ ይንገጫገጫል። እናቴ ስለት ትሳላለች። አስቴር ጫማዬን እግሬ ላይ እያጠለቀች «እማማ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ። ወፍም ይሁን ዘይት ሐኪም ይንገረን» ትላለች። ባጃጁ ውስጥ በሁለቱ መሃል ተደግፌ ሄድኩ።

ሐኪም ቤት ያገኘችን ሐኪም ወጣት ሴት ናት። ወንበር ስባ አልጋዬ አጠገብ ተቀመጠች።

«ሕመሙ የሚነሣብዎት ምን ሲበሉ ነው?»

ያን ሁሉ ጊዜ፣ ያን ሁሉ ክሊኒክ ስዞር ይህን የጠየቀኝ ሰው አልነበረም። እኔ አፌን ሳልከፍት እናቴ ቀደመች።

«የሚስቱ ዘይት ነው፣ ልጄ።»

«ቅቤ ሲበሉስ?» አለች ሐኪሟ እኔን እያየች።

«ቅቤም ስበላ።»

«ዶሮ? እንቁላል? ወተት?»

«እሱም።»

«ባዶ አጥሚት ሲጠጡስ?»

ትንሽ አሰብኩ። «ያን ጊዜ ደህና ነኝ።»

እጇን ከጎድኔ ሥር አስገብታ ጫን አድርጋ ያዘችና «አየር ወደ ውስጥ ይሳቡ» አለችኝ። ስቤ ሳልጨርስ ጮኽኩ። «ጨጓራ አይመስለኝም» አለች። «ወፍም የለበትም። የሐሞት ጠጠር ነው የምጠረጥረው።» ትኩሳቱን የሚያበርድ መድኃኒት በደም ሥሬ አስጀመረችኝና ወደ ሐዋሳ ላከችኝ። እናቴ መርፌውን ስታይ ፊቷን አዞረች። አልሞትኩም።

እናቴ ከልጆቹ ጋር ዲላ ቀረች፤ እኔና አስቴር ሄድን። መኪናው ፍጥነት መቀነሻውን በዘለለ ቁጥር ጎኔን ይዤ አምላኬን እጠራለሁ። ሐዋሳ ኮሪደር ላይ ተራ ስንጠብቅ ሰው ሁሉ ዝም ብሏል፤ እንደ ዲላው አግዳሚ የሚመረምረኝ ባለመኖሩ እንኳ ደስ አለኝ። በአልትራሳውንድ አዩኝ። አትፍራው፤ ሆድ ላይ ቀዝቃዛ ነገር ቀብተው በድምፅ ሞገድ የውስጡን ምስል የሚያወጡበት መሣሪያ ነው፣ አያምም። የሐሞት ከረጢቴ ጠጠር ሞልቶታል።

እንደተነገረኝ ላስረዳ። ሐሞት ጉበት የሚሠራው፣ ቅባት እንዲፈጭልን የሚያግዝ ፈሳሽ ነው። ከጉበት ሥር ያለች ትንሽ ከረጢት ታጠራቅመዋለች፤ ቅባት ስንበላ ተጨምቃ ትለቀዋለች። ጠጠር ያለባት እንደሆነ ስትጨመቅ ጠጠሩ መውጫው ላይ ይቀረቀራል፤ ያ ነው የሚጨብጠኝ የነበረው። ከጠጠሮቹ አንዱ ሾልኮ ቱቦውን ስለዘጋው ነው ዓይኔ ቢጫ የሆነው። ከረጢቷ ቅቤው የሸኖ ሆነ ዘይቱ የኮታ ግድ የላትም። ቅባት ከመጣ ትጨመቃለች። ወተት ጠጣ ሲሉኝ፣ ጤነኛ ዘይት ነው ጨምርበት ሲሉኝ፣ ወይራውን ጨልጠው ሲሉኝ፣ ቁስሌን በጡጫ ሲመቱልኝ ነበር ማለት ነው። አልጋው ላይ ተኝቼ ይህን ስሰማ ከጠጠሩ ይልቅ ያመመኝ ንዴቱ ነው።

ትኩሳቱ ሲበርድ ቀዶ ጥገናው ተደረገልኝ፤ ከረጢቷ ከነጠጠሮቿ ወጣች፣ ቱቦውም ተከፈተ። ከመግባቴ በፊት አስቴር እጄን ይዛ በጌዴኦኛ ጸለየች። ቃሉን ሁሉ አልሰማሁትም፤ አሜን አልኩ። ምግብ ሲፈቀድልኝ ከጎኔ የተኙትን ሽማግሌ የምታስታምም ሴት በጨው ብቻ የተቀቀለ ድንች አካፈለችኝ። የጎኔን ሕመም ሳልፈራ የበላሁት የመጀመሪያ ምግብ ስለነበር ዓይኔ እንባ አቀረረ፤ ሴትዮዋ ጨው በዝቶበት መስሏት ይቅርታ ጠየቀችኝ።

ልወጣ ስል የቀደደኝን ሐኪም ያዝኩት። «ዶክተር፣ እኔ ዘይት ሻጭ ነኝ። የትኛው ዘይት ነው የሚሻለው?»

«ለምን ሥራ?» አለኝ።

እኔ አንድም ደንበኛዬን እንዲህ ብዬ ጠይቄ አላውቅም። ቆሞ አስረዳኝ። አንድ ዘይት ብቻውን ጠጠር አይሠራም፤ ብዙ ነገር ይሠራዋል፣ ረጅም ሰዓት ባዶ ሆድ መዋልም ያግዘዋል አለኝ። ለዕለት ወጥ የተጣራ የሱፍ ዘይት ወይም ሌላ የማይረጋ ዘይት ይበቃል፤ ዋናው መጠኑ ነው። በኃይለኛ እሳት ለሚጠበስ ነገር ቶሎ የሚጨስ ዘይት አይሆንም፤ የተጣራው ይሻላል፣ የጠቆረውን ግን መልሶ ማሞቅ የለም፣ ጥብሱም አልፎ አልፎ ይሁን። ሳይጣራ የተጨመቀው ኑግና ሰሊጥ፣ ጥሩው ወይራም፣ ሰላጣ ላይ ወይም ከእሳት የወረደ ምግብ ላይ ጠብ የሚደረግ ነው። የፓልሙ ዘይት እሳት ይችላል፤ የሚረጋ ስቡ ብዙ ስለሆነ ግን ለልብና ለደም ሥር በየቀኑ አይመከርም። «ቅቤም ያው ነው» አለኝ በመጨረሻ።

ቅቤም ያው ነው! ቡሌ ላይ ቅቤም ይረጋል እኮ፤ ሸኖ ላይማ ድንጋይ ነው። ዘይት ረጋ ብለን የጮኽን ሰዎች የረጋ ቅቤ ገንፎ ላይ ስናፈስስ አንዳችንም አልደነገጥንም።

ቤት ስመለስ አስቴር ድስቷን መልሳ ጣደች። ሽንኩርቱን ያለ ዘይት ውኃ ጠብ እያደረገች ታቁላላዋለች፤ ዘይቱ ኋላ በማንኪያ ተለክቶ ይገባል። እኔም እንዲያምሩ ብዬ ፀሐይ ላይ የምደረድራቸውን ጠርሙሶች ወደ ጓዳ አስገባሁ፤ ዘይትን ብርሃንና ሙቀት ያበላሹታል። ሥራዬ ግን አላማረም። «ለምን ሥራ ነው የምትፈልጊው?» ስል ሴቶቹ ይቆጣሉ። «አንተ ደግሞ፣ ዘይት ነው የምፈልገው!» ብላ ወደ ቀጣዩ ሱቅ የሄደች አለች። ጋሽ ሙሉጌታማ እስከ ዛሬ «ያዳነህ የእኔ ወይራ ነው፣ በሽታውን ገፍቶ ያወጣው» ይላሉ።

ይህን ሁሉ እችለዋለሁ። ያልቻልኩት የምሳውን ቀን ነው። እናቴ ልታስታምመኝ ብላ ዲላ ሰንብታ ነበር። አስቴር ምስር ወጥ አቀረበች፤ ዘይቱ ላዩ ላይ አይታይም። እናቴ ትሪውን አየችና «ይሄ ደግሞ የታጠበ ወጥ ነው?» አለች። ከዚያ ወደ እኔ ዞረች። «ይኸው ቅባት በዛ ብለው ቀደዱህ። እኔ ከመጀመሪያው ዘይቷ ነው ስል ምን ተሳሳትኩ?»

አስቴር ውኃ ማስታጠቢያውን ይዛ ቆማለች። እኔ ስፌቴ እስኪያመኝ ድረስ ጮኽኩ።

«እማዬ፣ ያን ዕለት ብሞት ኖሮ ለቅሶው ላይ አስቴርን ምን ትያት ነበር?»

እንጀራ ልትቆርስ እጇን ሰደደች።

«መጨረሻ የበላሁት ያንቺን ገንፎ ነው፣ ያንቺን ቅቤ። ሰው የሚጠቁመው ግን እሷን ነበር። ልጆቼ እናታቸው አባታቸውን ገደለች ሲባል እየሰሙ ያድጉ ነበር። አንቺም አብረሽ ታለቅሺ ነበር።»

የእናቴ እጅ እንጀራው ላይ እንዳለ ቀረ። ተነሥታ ትወጣለች ብዬ ጠበቅኩ፤ ሸኖ ዛሬውኑ አሳፍሩኝ ትላለች ብዬ ጠበቅኩ። ቀና አለች። ያየችው እኔን አይደለም።

«አስቴር፣ ያ ሆድ የሚያዩበት መሣሪያ ያማል?»

«አያምም፣ እማማ። ምነው?»

እናቴ መዳፏን ከነጠላዋ ሥር አስገብታ ቀኝ ጎኗን፣ ልክ ከጎድኗ በታች ያዘች።

«እኔንም እዚህ ጋ ይይዘኛል። ቅቤ የበላሁ እንደሆነ ነው። አባቱ በሕይወት ሳለ ጀምሮ ነው። ጨጓራዬ ነው እያልኩ ለማንም ሳልናገር ኖርኩ።»

አስቴር ማስታጠቢያውን አስቀመጠችና አጠገቧ ተቀመጠች።

«ማን ይወስደኛል ደግሞ?» አለች እናቴ።

«እኔ ነኝ እንጂ ማን ይወስድዎታል? ነገ በጠዋት እንሄዳለን። አሁን ይብሉ፣ ወጡ ቀዘቀዘ።»

እናቴ ቆረሰች፣ ከምስሩ አጠቀሰችና ጎረሰች።